የሞላ እግር ብረት ቁልፍ

ባለፈው መስከረም ወረታ ላይ የቤት ቁልፍ ጠፋብኝ። ያረፍሁት የእህቴ ልጅ ዘንድ ነበርና ሌላውን ቁልፍ ተውሼ ላስቀርጽ ወደ መናኸሪያው ወጣሁ። ቁልፍ ቀራጩ ጎረምሳ ማሽኑን አስነሥቶ፣ የያዘውን ሻይ እንኳ ሳይጨርስ አዲሱን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ገና ትኩስ ነበር። የተሞረደ ብረት ሽታው ከእጄ አልለቅ ስላለኝ ቤት እስክደርስ እያሸተትሁት ሄድሁ። ያንን ሽታ ልጅ ሆኜ አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ግን አንድ ቁልፍ ለማሠራት የክረምቱን እኩሌታ ፈጅቶብን ነበር።

ጣሊያን ከወጣ አሥራ ምናምን ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ የወተት ጥርሴን እየነቀልሁ ነበር። ቤታችን ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ከርብ ወንዝ ወዲህ ወደ ወረታ በኩል፣ ትንሽ ከፍ ካለች መሬት ላይ ነበረች። ሐምሌ ሲገባ ወንዙ ሞልቶ ይወጣና ሜዳው ውሃ ይተኛበታል። ከብቱ ወደ ዳገቱ ይነዳል፤ እኛ ከጥጆቹና ከሁለት ላሞች ጋር እንቀራለን። ከቤት ወደ ቤት የሚሄድ ሰው ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰብስቦ፣ በዱላ ፊቱን እየለካ ነው።

አባቴ አድማሱ የአጥቢያው ጭቃ ሹም ነበር። ግብር ይሰበስባል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ የተከሰሰ ሰው ሲኖር ደግሞ ይዞ ወረታ ያደርሳል። ከአባቱ ከሹመቱ ጋር የወረሰው አንድ እግር ብረት ነበረው። ሁለት ቀለበት ነው፤ በቀለበቶቹ ያለፈው አጭር ሰንሰለት በአንድ ትልቅ ጓጉንቸር ይዘጋል። እስከዚያ ዓመት ድረስ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከማየት በቀር ሰው ላይ አይቼው አላውቅም።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ብነሣ፣ ከበራችን ገባ ብሎ፣ ጥጃ በሚታሰርበት ግድግዳ ሥር አንድ ሰው ተቀምጧል። ረጅም፣ ጢሙ ያደገ ሰው ነው። ብረቱ እግሩ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ሁዳዴ ላይ ወገቡን በሰንሰለት የታጠቀ ባሕታዊ ቤተ ክርስቲያናችን መጥቶ፣ ሴቶቹ ሁሉ ብረቱን እየተሳለሙ ሲያልፉ አይቼ ነበር። ይህም ሰው ከዚያ ወገን መሰለኝ። ጠጋ ብዬ ጉልበቱን ሳምሁና፦

«አባ፣ ይባርኩኝ» አልሁት።

ሰውየው ደነገጠ። ግራና ቀኝ አየ።

«እግዜር ያሳድግሽ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ስለ ማን ብለው ነው የታሰሩት?»

«ስለ በሬ።»

ሮጬ ገብቼ ስለ በሬ ብሎ የታሰረ ባሕታዊ ቤታችን እንደ መጣ ለእናቴ ነገርኋት። እናቴ ጥሩወርቅ ወተት እየናጠች ነበር፤ ቅሉን አቆመችና አየችኝ። «ባሕታዊ አይደለም። አያ ሞላ ይባላል። አትጠጊው» አለች። ቆየት ብላ ግን ራሷ ቂጣና እርጎ ይዛለት ወጣች።

ነገሩን ቀስ በቀስ ከትልልቆች አፍ ለቃቅሜ ሰማሁ። ፈንታ የሚባል፣ ብዙ ከብት ያለው ጎረቤት አለን። አንድ የእርሻ በሬው ጠፋበት። በሬው በጠፋ ዕለት ከርብ ማዶ የመጣው ሞላ በእርሻው ጥግ ሲያልፍ ታይቷል። ሞላ ዘመድ ሊጠይቅ እንደ መጣ ተናገረ፤ ፈንታ ግን ከሰሰው። አባቴ ይዞ ወረታ ሊያደርሰው ሲሰናዳ ዝናቡ ቀደመ። እግሩ በብረት የተያዘ ሰው ያንን ሁሉ ውሃ አይሻገርም፤ ቢፈታ ደግሞ ያመልጣል ተባለ። ስለዚህ ውሃው እስኪጎድል እኛ ዘንድ ሊቆይ ሆነ።

ሞላ ሥራ መፍታት አይወድም። ከበሩ ሥር ሆኖ ቃጫ ይገምዳል፣ የእናቴን የተሰነጠቀ ሰፌድ ይጠግናል፣ ጥጃ ሲያመልጥ ባለበት ሆኖ ያፏጭና ይመልሰዋል። «አትጠጊው» የተባለውን እኔ በሦስተኛው ቀን ረሳሁት። እናቴም ረሳችው መሰለኝ፣ ትንሹን ወንድሜን እሱ ዘንድ አስቀምጣ ውሃ ትወርድ ጀመር። አንድ ቀን ትልልቆች «ጓጉንቸሩ እግሩን እየበላው ነው» ሲባባሉ ሰማሁ። በእኛ አገር እንቁራሪትንም ጓጉንቸር ይሏታል፤ ያን ሰሞን ደግሞ ሜዳው ሁሉ በእንቁራሪት ጩኸት ተሞልቷል። እግሩ ሥር አጎንብሼ እንቁራሪቷን ብፈልጋት አጣኋት።

«ምን ጠፋብሽ?» አለኝ ሞላ።

«የምትበላህ ጓጉንቸር።»

ሞላ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

አባቴ የብረቱን ቁልፍ ካንገቱ አያወርድም። ከማተቡ ጋር ነው ያሰረው። ሐምሌ ላይ ከርብ ማዶ ይፋግ ያለች አክስቱ ሞታ መልእክት መጣ፤ ዝናቡ ጋብ ሲል በበቅሎ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ጋቢው ከሰውነቱ ተጣብቋል፣ እጁን አንገቱ ላይ አድርጓል። ርብን ሲሻገር በቅሎዋ ተደናቅፋ ውሃው ወስዶት ነበር። ሰዎች ደርሰው ነው ያወጡት።

እናቴ እጁን ከአንገቱ ላይ አነሣችው።

«ማተብህስ?» አለች።

«ውሃው በጠሰው።»

«ታዲያ ያለ ማተብ ነው አገር አቋርጠህ የመጣኸው?»

ልብሱን እንኳ ሳይቀይር፣ ከሣጥኗ ጥቁር ክር አውጥታ ገመደችና አንገቱ ላይ አሰረችለት። አስራ ስትጨርስ ነው ሌላው ነገር ትዝ ያላት።

«ቁልፉስ?»

አባቴ ወደ በሩ ዞረ። ሞላ የሚገምደውን ቃጫ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይሰማል።

«እሱም አብሮ ሄደ» አለ አባቴ።

ከዚያ ሞላ «እንኳን እርስዎ ተረፉ፣ ጌታዬ» አለና ቃጫውን አነሣ።

ሌላ ቁልፍ የለም። ለአያቴ ሲሰጥም አንድ ብቻ ነበር ይባላል። አባቴ በመጀመሪያ ጓጉንቸሩን በድንጋይ ሊሰብር ሞከረ፤ በተመታ ቁጥር ቀለበቱ የሞላን ቁርጭምጭሚት ይነርተዋልና ተወው። ፈንታ ወሬውን ሰምቶ መጣ። ደንዳና፣ ሲናገር ሰው ፊት የማያይ ሰው ነው።

«ብረቱ ከተሰበረ ሰውየውን ፈታኸው ማለት ነው» አለ አባቴን። «ወረታ ስንቀርብ የምናገረው ይህንኑ ነው።»

«ቁልፍ ባሠራስ?»

«ማን ይሠራዋል? ባለእጁ? አንድ የሠራ ሰው ሁለት መሥራት ያቅተዋል? አንዱን ላንተ፣ አንዱን ለሌባው።»

ፈንታ ከሄደ በኋላ አባቴ ባለእጁን አላስጠራም። ፈርቶ እንደሆነ አሁን ይገባኛል፤ ያኔ ግን ቁልፉ ከውሃው ውስጥ ራሱ ተመልሶ እንዲመጣ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። እኔም ጠዋት ጠዋት ደጅ ወጥቼ ውሃው ያመጣውን ገለባ በእንጨት አገላብጥ ነበር።

እርጥበቱ ብረቱን አዛገው። የሞላ ግራ እግር አበጠ፤ ቀለበቱ ሥጋው ውስጥ ገባ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ቀድዳ፣ ለጋ ቅቤ እየቀባች ከቀለበቱ ሥር በእንጨት ትወትፍለታለች። እሱ ጥርሱን ነክሶ ጣሪያውን ያያል። ቁስሉ መሽተት ሲጀምር እናቴ አባቴን በሰው ፊት ተናገረችው፤ እንዲህ ስታደርግ አይቻት አላውቅም።

«ይህ ሰው እዚህ ቤት ሆኖ እግሩ ቢቆረጥ ማን ነው የሚጠየቀው? ፈንታ ነው?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ባለእጁን አስመጣ። እኔ አለሁ።»

ባለእጁ ዳገቱ ላይ ከሰው ርቆ ነው የሚኖረው። የአገሩን ማረሻና ማጭድ ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው፤ ነገር ግን ቤቱ የሚገባ፣ ቤቱም የሚያስገባው የለም። ሰውን በዓይኑ ይበላል ይባላል። ልጆች ደግሞ ማታ ማታ ጅብ እንደሚሆን እንጫወት ነበር። በመጣ ዕለት እናቴ እኔንና ወንድሜን ጓዳ አስገብታ መጋረጃውን ጣለች። እኔ በመጋረጃው ቀዳዳ የጅቡን ጭራ ፈለግሁ። የመጣው ግን ስልቻ ያነገተ፣ እግሩ በጭቃ የተለወሰ፣ የሚያስለው ከሲታ ሽማግሌ ነው።

ዝናብ እየጣለ ነበር። ሽማግሌው ከደጃፉ ቆመ። ግባ ያለው ማንም የለም። አባቴ እናቴን አየ፣ እናቴ መሬት መሬቱን አየች።

«ግቡ እንጂ» አለ ሞላ በመጨረሻ፣ ቤቱ የእሱ የሆነ ይመስል።

«ግድ የለም። ብርሃኑ እዚህ ይሻላል» አለ ባለእጁ።

ሞላ እግሩን በመድረኩ ላይ አሳልፎ ወደ ውጭ ዘረጋ። ሽማግሌው ቁርበቱን አንጥፎ ዝናቡ ጀርባው ላይ እየወረደ ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ ጧፍ አምጡልኝ አለ። ቀጭን ብረት በጧፉ ሰም ለቀለቀና ጓጉንቸሩ ውስጥ ከተተው፤ ቀስ አድርጎ ወዲያና ወዲህ አዞረው፤ አውጥቶ ሰሙ የተላጠበትን ቦታ በብርሃን አየ። ከዚያ በሞረድ ያንኑ ቦታ ይሞርዳል። እንደገና ሰም፣ እንደገና መክተት። የሞረዱ ድምፅ ጥርሴን ቢያሳክከኝም የብረቱና የሰሙ ሽታ ጓዳ ድረስ ሲገባ ደስ የሚል ነበር። በያንዳንዱ መዞር ሞላ ይቃትታል፤ ሽማግሌውም «ይቅር በለኝ» እያለ ይሠራል።

ውሎ ውሎ ቁልፉ እኩሌታውን ዞረና ቆመ። ሽማግሌው ሊያስገድደው ሲል ተጎመደ። ስባሪውን በጉጠት አወጣው።

«ብረቱ ለስላሳ ነው» አለ አባቴን። «መልኩን ግን ይዤዋለሁ። እቤት ሄጄ በደንብ አንጥሬ እሠራዋለሁ። መጥታችሁ ውሰዱ፤ ለእኔ ይህን ውሃ ደግሞ መሻገሩ ይከብደኛል።»

ከጓጉንቸሩ ውስጥ በሰም ያነሣውን ልክ በቅጠል ጠቀለለና ስልቻው ውስጥ ከተተ። እናቴ ለእጁ ብላ እህል በቁና ሰፍራ ደጅ አስቀመጠችለት። ሲሄድ ግን የተቀመጠበት ቦታ ላይ አመድ ነሰነሰችበት።

አባቴ በሳምንቱ ዳገቱን ወጥቶ ሁለተኛውን ቁልፍ አመጣ። ሽማግሌው ገበያ ሄዶ ስለነበር ከሚስቱ እጅ ነው የተቀበለው። ሁላችንም ሞላን ከበን ቆምን። ቁልፉ ገባ፤ ዞረ፤ ጓጉንቸሩ ተከፈተ። ቀለበቱን ሲያላቅቁት ከሥጋው ጋር ተያይዞ ስለነበር እናቴ በሞቀ ውሃ እያራሰች ቀስ አድርጋ አወጣችው። ሞላ አለቀሰ። ትልቅ ሰው የሚያለቅሰው ለቅሶ ቤት ብቻ ይመስለኝ ስለነበር የሞተ ሰው አለ እንዴ ብዬ እናቴን ጠየቅኋት።

ሕጉ ብረቱ ወዲያው እግሩ ላይ እንዲመለስ ነው። አባቴ ቀለበቱን ይዞ ብዙ ቆመ።

«ብትጠፋ የምታሰረው እኔ ነኝ» አለው ሞላን።

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ።»

አባቴ ብረቱን ጥግ ወስዶ አስቀመጠው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ፈንታ መጣ። አባቴ ከጓሮ ነበር። ሞላ ቀድሞ አየው፤ በቅሎው ውሃውን እየቀዘፈ ሲመጣ ከሩቅ ይታያል። እኔ ከጥጆቹ ጋር ነበርሁ።

«እናኑ» አለኝ፣ «ያንን ብረት አቀብይኝ።»

ከባድ ስለነበር እየጎተትሁ አመጣሁለት። ቀለበቶቹን ራሱ እግሮቹ ላይ አደረገ። በቁስሉ ላይ ሲያደርገው ፊቱ አመድ መሰለ። ሰንሰለቱን አሳለፈና ጓጉንቸሩን ጫን አድርጎ ዘጋው። ናፍቆት ነው ብዬ አሰብሁ፤ እንደ ባሕታዊው ያለ ብረት መኖር የማይችል መሰለኝ። «አያ ሞላ፣ ለምን?» ብለው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

ፈንታ ከበቅሎው ወርዶ ሰንሰለቱን በዱላው ጫፍ አንሥቶ አየ። አባቴ ከጓሮ ብቅ አለ። ብረቱን በሞላ እግር ላይ ሲያየው ቆመ።

«ቁልፉ ተሠርቷል አሉ» አለ ፈንታ።

«ተሠርቷል።»

«እኔ ዘንድ ይቀመጥ።»

«ቁልፉ የሹመቱ ነው። አንተ ከሳሽ ነህ» አለ አባቴ።

ፈንታ ትንሽ አጉረመረመና፣ የቀረበለትን ጠላ ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ። በቅሎው ከዓይን ሲሰወር አባቴ ተንበርክኮ ብረቱን ከፈተ። አባቴ ለሰው ሲንበረከክ አይቼ ስለማላውቅ ሌላ ነገር የጠፋበት መስሎኝ አብሬው መሬቱን አየሁ። ያን ዕለት ምሳ ሲቀርብ አባቴ «ሞላ፣ ና ወደዚህ» አለው። ከዚያ በኋላ እስኪሄድ ድረስ ከአንድ ገበታ በሉ።

ከመስቀል በኋላ ውሃው ጎደለ። ሁለቱ ወደ ወረታ ወጡ፤ ሞላ እያነከሰ፣ አባቴ ብረቱን በስልቻ በበቅሎዋ ላይ ጭኖ። አባቴ የተመለሰው ብቻውን ነው። በሬውን የፈንታ የገዛ ወንድሙ ልጅ ይፋግ ወስዶ ሸጦት ኖሯል፤ የገዛው ሰው ለምስክርነት ተጠርቶ አውጥቶታል። ሞላ ከዚያው ተሰናብቶ ወደ አገሩ ተሻግሯል። አባቴ ይህን ሁሉ የነገረን ጫማውን እያወለቀ ነው። እናቴ «ይቅር በለኝ አልኸው?» አለችው። «ያሰርሁት በሕግ ነው» አለና ሁለተኛውን ጫማ አወለቀ። ትንሽ ቆይቶ «አልሁት» አለ።

ጥቅምት ላይ አንዲት ሴት ዶሮ ይዛ ወደ ቤታችን መጣች። ቀጠን ያለች፣ ፈጣን ሴት ናት። ብርቄ እባላለሁ፣ የሞላ ሚስት ነኝ አለች። እናቴ ደንግጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እግሩን ያዳንሽለት አንቺ ነሽ» አለች ብርቄ። «እሱ መምጣት አልቻለም። ሰብሉ ደርሷል፤ ደግሞም እዚህ መምጣቱ ይከብደዋል። አትቀየሚው።» ዶሮዋን ለእናቴ ሰጠች። ከዘንቢሏም በቅጠል የተጠቀለለ የማር እሸት አወጣች። «ይህ ደግሞ ቁልፉን ለሠሩት ሰው ነው። ቤታቸውን አሳዪኝ።»

«ለባለእጁ?» አለች እናቴ።

«ለሳቸው።»

እናቴ ብትጠቁማት ይበቃ ነበር፤ ዳገቱ ከደጃፋችን ይታያል። እሷ ግን ነጠላዋን ለብሳ አብራት ወጣች። ወንድሜን ጎረቤት ተወችው፤ እኔን ግን፣ ልከተል ስል ዞር ብላ አየችኝና አልከለከለችኝም።

ሽማግሌው ከቤቱ ደጃፍ ወናፉን ሲጠግን አገኘነው። ሦስት ሴት ወደ እሱ ሲመጣ አይቶ ብድግ አለ። ብርቄ እጅ ነሣችና ማሩን በሁለት እጇ ሰጠችው።

«ስምዎ ማን ይባላል፣ አባቴ?»

«ረታ» አለ።

ስሙን የሰማሁት ያኔ ነው። እናቴም እንደ እኔ ሳትሆን አትቀርም። አባ ረታ ማሩን ይዘው እናቴን አዩዋት፤ የጭቃ ሹሙ ሚስት መሆኗን አውቀዋል።

«ከፈተ እንዴ?» አሏት።

እናቴ አልገባትም። «ምኑ?»

«ቁልፉ። ሁለተኛው።»

እናቴ «ከፈተ» አለች። «በመጣ ዕለት ነው የከፈተው።»

«እግሩስ?»

«እያጨደ ነው» አለች ብርቄ።

አባ ረታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ቤት ገቡና ከጣሪያው ማገር መካከል አንድ ነገር መዝዘው ወጡ። ቁልፍ ነው፤ አባቴ ካመጣው የሚወፍር፣ በቅባት የተወለወለ።

«የሚነግረኝ ሰው ሳጣ ያኛውም እምቢ ብሏል ብዬ ነበር» አሉ። «ይህን ሠርቼ ጠበቅሁ። ውሃው ሲጎድል ይመጣሉ እያልሁ።»

ብርቄ «ይስጡኝ» አለችና ቁልፉን ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

በዚያው መካከል የሽማግሌው ሚስት በሁለት ዋንጫ ጠላ ይዛ ወጣች። ብርቄ ተቀበለቻት። ሁለተኛው ዋንጫ እናቴ ፊት ቆየ። እናቴ እጇን ዘረጋች፣ ተቀበለች፣ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ጠጣች። ሲጋመስ ለእኔ አቀበለችኝ።